ቆለኛ ሞተር በደጋ አየር

ከጎተራ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ላንቻ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የላንቺያ መኪና ነው። ጎተራ በእህል ማከማቻ ሲጠራ ጎረቤቱ በሞተር ተጠራ። የጋራዡም ቋንቋ ወደዚያው ያመለክታል፦ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ። ከዚህ ተነስቶ «የሞተር ሙያችን እንዳለ ከጣሊያን የተቀዳ ነው» የሚለው ብዙ ነው። እኔ ግን ቃሉ የሚመሰክረው ዕቃው ከየት እንደመጣ ብቻ ነው እላለሁ። ዕቃው እዚህ እንዲሠራ ምን እንደተደረገለት አይነግረንም። ይህ ከምንም በላይ ጎልቶ የሚታየው በአሮጌ ሞተር ሳይክል አተነፋፈስ ላይ ነው።

የጣሊያኑ ሞተር ሳይክል ሞቶ ጉዚ የሚሠራበት ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የከተማችን አየር ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም። ካርቡሬተር ደግሞ አየርን አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲፈጥን የሚፈጠረው መሳብ ቤንዚኑን በትንሿ ቀዳዳ በኩል ያወጣዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቆላ ላይ የተስተካከለው ሞተር እዚህ ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ቤንዚን ይጠጣል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሚኒሞው ይንገዳገዳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከሁሉ የሚከፋው ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ማጠቡ ነው፤ ፒስተኑም ያለ ዕድሜው ይበላል። መድኃኒቱ ቀዳዳውን ማጥበብና የቤንዚኑን ፍሰት የሚገድበውን የካርቡሬተር መርፌ ዝቅ ማድረግ ነው።

«ይህንንም ያወቁት ጣሊያኖቹ ናቸው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፣ ክብደትም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ሞተር ሳይክሎቻቸውን እዚሁ ነድተዋል፣ አስመራም ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። ከድሉ በኋላ የቀሩትም ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል። ሆኖም ችግሩ አንዴ ተፈትቶ የሚያበቃ አልነበረም። ከጎተራ የሚነሳው መንገድ በደብረ ዘይትና በአዳማ አድርጎ አዋሽ ሲደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዷል። ለአዲስ አበባ በልኩ የጠበበው ቀዳዳ እዚያ ቤንዚን ያሳጥራል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ የባለቤቱን መንገድ ሳያውቅ ቀዳዳ መምረጥ አይችልም። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮም ካንዴላውን ልክ እንደ ከፍታው ያጠቁረዋል፤ አንዱን ጥቀርሻ ከሌላው መለየት ካልተቻለ ጤነኛ ካርቡሬተር ይበላሻል። ይህን ፍርድ ጣሊያን ያለ ፋብሪካ በካርቶን አሽጎ ሊልከው አይችልም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ሥራውን ያሳንሰዋል፦ የጎደለው ሩብ አየር ካልተመለሰ ማስተካከሉ ምን ፋይዳ አለው? እውነት ነው፣ የትኛውም ካርቡሬተር የሌለ አየር አይፈጥርም። አየርን አፍኖ የሚያስገባ ማሽን ያለው የጣሊያኑ ሞተር ሳይክል ጊሌራ እ.ኤ.አ. በ1937 በፒዬሮ ታሩፊ ነጂነት በሰዓት 274 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ተራው ባለ ሞተር ግን ያ ማሽን የለውም። ለእሱ የቀረው መንገድ ቴስታታውን ልጦ እመቃውን ከፍ ማድረግ ነው። ሳሳ ያለ አየር ሞተሩን ቶሎ ስለማያንኳኳው ደጋ ላይ ይህ ያዋጣል፣ አዋሽ ሲወርድ ግን ማንኳኳቱ ይመጣል። ጉልበቱ ባይሞላም በቤንዚኑና በሞተሩ ዕድሜ ላይ የሚገኘው ትርፍ ቀላል አይደለም። መለዋወጫ በመርከብና በባቡር ይመጣ በነበረበት ዘመን አንድ ፒስተን ማትረፍ ትልቅ ነገር ነበር።

የዛሬዎቹ ሞተሮች የአየሩን ግፊት በራሳቸው መሣሪያ ለክተው ቤንዚኑን ይመጥናሉ። አሮጌዎቹን በእጃቸው የሚያስተካክሉ መካኒኮች ግን አሁንም አሉ፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የትኛው ሞተር ለአዲስ አበባ ስንት ቁጥር ቀዳዳ እንደሚፈልግ፣ አዋሽ ከመውረዱ በፊትም ምን እንደሚቀየርለት ከእነሱ ጠይቀው በአማርኛ ይጻፉት።