ከሌባ ሻይ እስከ አማኑኤል

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የምንሄደው ሩቅ ነው፣ የምንነሣው ግን ከራያ ምድር፣ ከዋጃ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ አላውሃን ተሻግሮ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ፣ ቆቦ ደርሶ ውሃ የጠጣ መንገደኛ ፊቱን ወደ አላማጣ ሲያዞር ዋጃን ያገኛታል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል፣ ከእሱ ማዶ አፋር ነው፤ በምዕራብ ደጋው ከፍ ብሎ ይታያል። ሜዳው ሞቃት ነው፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ደጋው ላይ ደመና የጠቆረ ዕለት ግን ገበሬው ዶማውን ይዞ ይወጣና የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሽላው ይመራል።

በዚህ አገር፣ በአባቶቻችን ዘመን፣ በሬ ከበረት የጠፋ እንደሆነ ባለበሬው አገር ይጠራ ነበር። ከዚያም አውጫጭኝ ይቆማል፤ ወንዱ ሁሉ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ የቀረበትም ምክንያት ይመረመራል። ከዚያም ሽማግሎች ይመረጣሉ፣ ይምላሉ፣ ሕዝቡም አንድ በአንድ እየቀረበ ያየውንና የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ጎረቤቱን በግልጽ መክሰስ የፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ይል ነበር፤ ወፏ ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅም። ፀሐዩ ይከርራል፣ የዛፉ ጥላ ይዞራል፣ ሕዝቡም ከጥላው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ያልተገኘ እንደሆነም ዕዳው በአገሩ ላይ ይወድቃል። ጭካኔ ነበረበት፣ የቀን ሥራ የሚያስፈታም ነበር። ነገር ግን የሚጠየቀው ሰው ያየውን እንጂ የልቡን ምት አልነበረም፤ እኔ ይህን እወድለታለሁ።

ሌባ የሚፈለግበት ሌላው መንገድ ሌባ ሻይ ነው። በአጤ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሳይቀር ይሠራበት ነበር። አንድን ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፣ ከዚያም ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል፤ ባለመድኃኒቱም ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በየደጁ ይንገዳገዳል፣ ከዚያም ከአንዱ ቤት ገብቶ ከአልጋው ላይ ይጋደማል። የአልጋው ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ምስክር የለ፣ መልስ የለ። ገመዱን የያዘው እጅ ወዴት እንደሳበም የሚጠይቅ የለም። ታዲያ ለምን ይሠራ ነበር ብትሉኝ፣ ሌባ ሻይ ሊመጣ ነው ሲባል የሰረቀው ሰው በሌሊት ዕቃውን ከደጅ ጥሎ ይሄድ ስለነበር ነው። ሥራውን የሠራው ፍርሃቱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው መድኃኒቱ ነው።

አሁን ባሕር እንሻገር። በፈረንጆች 1921 አሜሪካ ውስጥ፣ በርክሌይ በምትባል ከተማ፣ ጆን ላርሰን የሚባል የፖሊስ ባልደረባ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ሠራ። ደረት ላይ ቱቦ ይጠመጠማል፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይታሰራል፣ በኋላም ጣት ላይ ላብ የሚለካ ተጨመረበት፤ ከዚያም መርማሪው ረጋ ብሎ ይጠይቃል፣ መርፌውም በወረቀት ላይ ይሄዳል። ከላርሰን አስቀድሞ ዊሊያም ማርስተን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በደም ግፊት ውሸት ይታወቃል ብሎ ነበር። ይኸው ሰው ኋላ በ1941 ወንደር ውመን የምትባለውን የሥዕል ጀግና የፈጠረ ነው፤ ጀግናይቱም የያዘችው ሰውን እውነት የሚያናግር ገመድ ነው። ገመዱ እዚህም እንዳልቀረ ተመልከቱልኝ።

በግድያ የተከሰሰ ጄምስ ፍራይ የሚባል ሰው ነበር። ማርስተን መረመረውና ንጹሕ ነው አለ፣ ከዚያም የፍራይ ጠበቃ ማርስተንን የባለሙያ ምስክር አድርጎ ሊያቀርበው ፈለገ። ዳኛው አልሰማም አሉ፤ በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ዘዴው በሙያው ሰዎች ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም ብሎ የሥር ፍርዱን አጸና። ፍራይም ታሰረ። ሰማንያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2003፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ነገሩን መርምሮ የመሣሪያው መሠረት ደካማ መሆኑን ጻፈ። ለውሸት ብቻ የተለየ የሰውነት ምልክት የለምና፤ ንጹሕ ሰውም በፖሊስ ፊት ልቡ ይመታል፣ ያልቦታል። ሆኖም ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ የሚናዘዝ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃውን በሌሊት ከደጅ ጥሎ እንደሚሄደው ሌባ መሆኑ ነው።

ታዲያ ባለሙያ በፍርድ ቤት ምን ይናገር? ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ የራያ ሰው ወንጀል ሠርቶ ተከሰሰ እንበል፤ አእምሮው የታወከ መሰለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 51 እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲነሣ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ይቀበላል ይላል። ለረጅም ዘመን ይህ ማለት አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ማለት ነበር። እንግዲህ ሰውየው ከፖሊስ ጋር መኪና ይሳፈራል፣ መርሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን ያልፋል፣ ደሴ ላይ ብርዱ ይቀበለዋል፣ ከዚያም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ የአገሩን ይመስለዋል፣ ከዚያም ደብረ ሲና ደርሶ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፍና ከጉሙ ይገባል። አማኑኤል ሲደርስ ሐኪሙ ያነጋግረዋል፣ ነርሷ ሌሊት እንዴት እንዳደረ ትጽፋለች፣ ቤተሰቡ ስለ ልጅነቱ ይጠየቃል። መቸኮል አይቻልም፤ የሚያስመስልም አለ፣ በሽታውን የሚደብቅም አለ።

ከዚያም ሐኪሙ ለፍርድ ቤቱ ይጽፋል። የሚጽፈው የሰውየውን የአእምሮ ሁኔታና ሁኔታው በማመዛዘን ችሎታው ላይ ያደረሰውን ነው። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ማለት የእሱ ሥራ አይደለም። ሕጉም ዳኛው የሚገደደው በተረጋገጠ የሳይንስ ግኝት ብቻ መሆኑን፣ ሐኪሙ ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ ግን እንደማይገደድ ለይቶ አስቀምጧል። ይህችን አንቀጽ የጻፈ ሰው ገመዱን ማን እንደያዘ የጠየቀ ሰው ነው እላለሁ። እንዲያውም ራያ ቆቦ ውስጥ የገዳይንና የሟችን ወገን አስታርቀው ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሎች ቢያነቧት የሚከፋቸው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላሰናብታችሁ። ከመካከላችሁ ወይም ከልጆቻችሁ አንዱ ተጠርጥሮ ቢያዝና ልቡ እየመታ ከመርማሪ ፊት ቢቀመጥ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ሰጥቶታል፤ እንዲናዘዝ ማስገደድም ክልክል ነው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ አይሆንም። ለቤተሰቦቻችሁ ንገሯቸው።