ምልመላ

«ድራፍት» ሲባል ሸዋ ሮቢት ላይ ትዝ የሚለን ሙቀት የሚያበርደው ቢራ ነው። አሜሪካኖች ግን የኮሌጅ ተጫዋቾች ለፕሮፌሽናል ክለቦች የሚደለደሉበትን ሥርዓት በዚሁ ስም ይጠሩታል። የእኛ ቃል «ምልመላ» ነው።

መለመለ ማለት ቅጠልና ቅርንጫፍ ገፈፈ ነው። በይፋት ቆላ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የቆረጠውን ዘንግ ሲመለምል እዩት፤ አንጓው እስኪለሰልስ፣ ነጩ እንጨት እስኪወጣ በቢላ ይልጠዋል። «መለመላውን ቆመ» የምንለውም የዚሁ ዘመድ ነው። መራቆትና መመረጥ እንዴት አንድ ቤት ገቡ? መልማይ ፊት የቆመ ወጣት ዝናው ተገፎ ጉልበቱና ፍጥነቱ ብቻ ስለሚታይ ይመስለኛል።

የአሜሪካውን ድራፍት ልዩ የሚያደርገው ተራው ነው፦ ቀድሞ የሚመርጠው ሲሸነፍ የከረመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ16 ጨዋታ 2 ብቻ ያሸነፈው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ሲንሲናቲ ቤንጋልስ በ2020 ኮከቡን ኳርተርባክ (ኳስ አቀባይ) ጆ በሮውን ወሰደ፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ የፍጻሜው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ደረሰ። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ ግርጌ የቀረ ይወርዳል እንጂ «ቅድሚያ ምረጥ» የሚለው የለም።

ምልመላው ሁልጊዜ ይሰምራል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በመጀመሪያው የፉትቦል ድራፍት ቀድሞ የተጠራው ጄይ በርዋንገር አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ ሳያደርግ ቀርቷል።