ከትርፍ ቤት እስከ ዕጣ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «ትርፍ» የሚለው ቃል ጣዕሙ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትርፍ ነጋዴ የሚመኘው፣ ጎተራ ያለው ገበሬ የሚያመሰግንበት ነገር ነበር። ደርግ በዚያ ዕለት ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ግን የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ባለቤቱ ከሚኖርበት ውጭ ያለው ቤትም «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። አንድ ቤተሰብ የሚኖረው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ተባለ። የግል አከራይ የሚባል ሰው በአንድ ጀምበር ከከተማው ጠፋ።

ኪራይም ወረደ። በወር ከ50 ብር የማይበልጥ ይከፍል የነበረ ተከራይ ኪራዩ በግማሽ ተቀነሰለት። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር በተባለው ድርጅት ሥር ገቡ። በዚያ ክረምት የአንዱ ቤት ሲደሰት የሌላው ቤት ያለቅስ ነበር። ሰፋፊ ቦታ የያዙት መሳፍንትና መኳንንት ብቻ አልነበሩም የተነኩት። ጡረታ የሌላት፣ ከግቢዋ ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ሠርታ በኪራዩ ልጆቿን የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴትም ባለትርፍ ቤት ተባለች። አዋጁ ለቤቱ ካሳ እንደሚከፈል ቢጠቅስም ብዙዎቹ ባለቤቶች ሳያገኙት ቀርተዋል።

አዋጁ ለምን እንዲህ የከረረ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ከተማዋ አመሠራረት መመለስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጦር ሰፈር አሰፋፈር ነበራት። ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለእያንዳንዱ ራስና ፊታውራሪ ቦታ ይሰጠዋል፤ እሱ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቤቱን ይሠራል፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ከሥሩ ይሰፍራል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። የባሕር ዛፍ መምጣት ደግሞ ቤት መሥራቱን አቀለለው፤ ግንዱ ምሰሶ፣ ቅርንጫፉ ማገር፣ ቅጠሉ ማገዶ ሆነ። ባለጸጋውና ድኻው በአንድ አጥር ግርጌ የመኖራቸው ልማድም ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ልማድ አዲስ አበባ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች የምትለይበት ሀብቷ ነው ማለት ይቻላል።

ሀብቷ ቢሆንም መሬቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማው ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድሳ ዓመታት ከተማዋ ስትሰፋ ባለቦታው ያው የጥንቱ ባለሰፈር ወይም ልጁ ነበር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ አገር እንጀራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው በሰው ቦታ ላይ ጭቃ ቤት ይከራያል፤ ወይም የቦታ ግብር እየከፈለ ራሱ ይሠራል። ቤቱ የእሱ፣ መሬቱ የሌላ ሰው። «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው ተማሪ ስለ ገጠር ይጩኽ እንጂ፣ የሚያድረው በኪራይ ክፍል ነበር።

እንግዲህ የ1967ቱ አዋጅ ለዚያ ሁሉ መልስ ይሆናል ተባለ። የኪራይ ሸክምን በማቅለል በኩል ሆኗልም። ለብዙ ሺህ ድኻ ቤተሰብ የቀበሌ ቤት በከተማው መሀል፣ ከሥራውና ከገበያው አጠገብ የሚኖርበት ቤት ሆነለት። ችግሩ የተወረሰው ቤት መታደስ አለመቻሉ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ በወር ከ10 ብር በታች ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በዚህ ገንዘብ ቀበሌው አንድ ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ተከራዩም የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይፈልግም፤ ቢፈልግም ፈቃድ ይጠየቃል።

የቀበሌ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ያንን ታሪክ ግድግዳው ላይ ያነበዋል። ጭቃው እንዳይራገፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ከጣሪያው ሥር የተወጠረው አቡጀዴ ዝናብ በገባበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ክብ ሠርቷል። አንዲት ክፍል ናት፤ ግን ቆጥ ተሠርቶላት ሁለት ሆናለች። ልጅ ሲያገባ በመጋረጃ ትከፈላለች፤ የአጎት ልጅ ከአገር ቤት ሲመጣ ደባል ይጨመርባታል። ሽንት ቤቱ ለአሥር ቤተሰብ አንድ ነው፤ ውኃውም የጋራ ቦኖ ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ ግን አንዷ እናት ገበያ ስትሄድ ልጇን ለጎረቤት ትታ ትሄዳለች፤ ቡና ሲፈላ ሦስት ቤት ይጠራል፤ ዕድሩ ድንኳኑን የሚተክልበት በር አለው። ከሥራ የወጣ ሰው ወሩን የሚያልፈው በዚህ ነው። የቤት ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ይህን በብር መመንዘር ባይችልም ዋጋ እንዳለው መርሳት አይገባውም።

ደርግ ቤት ለመሥራት ሌላ መንገድም ሞክሮ ነበር። ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው መንግሥት ቦታ በነፃ ይሰጣቸዋል፤ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ያበድራቸዋል። በየሰፈሩ ዛሬም የሠራተኛ ማኅበር ቤቶች እየተባሉ የሚጠሩ ግቢዎች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። የተጠቀመው ግን በአብዛኛው ደመወዝተኛው ነበር። ጉሊት የምትቸረችረው ሴትና ተሸካሚው ማኅበር የሚገቡበት የደመወዝ ወረቀት አልነበራቸውም። ባንኩም በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። የመኖሪያ ቤት ብድርን ዋና ሥራው ያደረገ ጎህ ቤቶች የተባለ ባንክ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ኢኮኖሚው ወደ ነፃ ገበያ ዞረ ቢባልም መሬቱ በመንግሥት እጅ ቆየ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደነገገ። ለከተማው ደግሞ ሊዝ መጣ፤ በ1986 ተጀምሮ በ1994 እና በ2004 በወጡ አዋጆች ተሻሽሏል። መንግሥት የመሬት ብቸኛ አቅራቢ ሆኖ በጨረታ ሲያወጣ፣ የወጣው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ በመሆኑ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2000ዎቹ አጋማሽ መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር 355,555 ብር ያቀረበ ተጫራች የከተማው መነጋገሪያ ነበር። የመርካቶ ቦታ ለንግድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መምህርና ነርስ በጨረታ ቦታ ገዝተው ቤት የሚሠሩበት ዘመን እንዳለፈ ለማንም ግልጽ ሆነ።

ጨረታው ያልደረሰበት ሰው በጨረቃ ሠራ። «ጨረቃ ቤት» የሚባለው ሌሊቱን ተቆሞ፣ ሲነጋ ሰው ተኝቶበት የሚገኘው ቤት ነው። ከዳር ያለ ገበሬ መንግሥት በትንሽ ካሳ ሳይወስድበት ማሳውን እየቆራረጠ ይሸጣል፤ ገዢው ካርታ የሌለው ቤት ላይ የዕድሜ ልክ ገንዘቡን ያፈሳል። ከዚያ ግሬደር ይመጣል። ሰኔ 2008 ዓ.ም. በሐና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ኮንዶሚኒየም የመጣው በዚህ መሀል ነው። በ1996 ዓ.ም. አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በተሞከረው የአነስተኛ ወጪ ቤት ላይ ተመሥርቶ ቦሌ ገርጂ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች ተሠሩ። ሐሳቡ የሚደነቅ ነበር። የወለሉ ባዶ ብሎኬት፣ ተገጣጣሚው ቢም፣ የብረት በርና መስኮቱ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ሥራ ሆኑ፤ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን ሆነ። ሊፍት ስላልነበረ ከፍታው አራት ወይም አምስት ፎቅ ነበር። እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት እንኳ ታስቦለት ነበር። ከሚወጣው ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲያዝ ተወሰነ።

በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ቤት የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብድ ነበር። መንግሥት በአገር አቀፍ ደረጃ በአምስት ዓመት 400,000 ቤት እሠራለሁ ብሎ ነበር፤ እስከ 2002 ዓ.ም. የተሠራው 171,000 ያህል ነው። ከዕቅዱ ቢያንስም በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ በፊት ያን ያህል ቤት በመንግሥት ተሠርቶ አያውቅም። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ዕጣ ሲወጣ ስሙን ጋዜጣ ላይ ያገኘ ሰው ቤቱ እልልታ በእልልታ ይሆናል። እልልታው ካለፈ በኋላ ግን ቅድመ ክፍያው ይመጣል። ዕቁቡን አስቀድሞ የወሰደ፣ ወርቁን የሸጠ፣ ዓረብ አገር ያለች እህቱን የለመነ ብዙ ነው። ከከፈለ በኋላም የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ አለ። ይህን ያልቻለው ባለዕድል ቤቱን ያከራየዋል፤ እሱ ራሱ ርካሽ ጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ለአምስት ዓመት መሸጥ ቢከለከልም በውክልናና በደላላ ያለፈው ቤት ጥቂት አይደለም። ለድኻ ተብሎ የተሠራው ቤት በዚህ መንገድ ወደ መካከለኛው ነዋሪ እጅ ገባ። ነዋሪው አላጠፋም፤ የተነደፈው ነገር የዕለት ገቢ ያለውን ሰው አላሰበውም።

በ2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ ተከፈተ፤ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚሉት ቁጥሮች የከተማው ቋንቋ ሆኑ። የመጀመሪያው ቁጥር ነዋሪው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው መቶኛ ነው። አዲስ የ20/80 ተመዝጋቢ ለስቱዲዮ በወር 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር በንግድ ባንክ ይቆጥብ ነበር። የ1997ቱ «ነባር» እና የ2005ቱ «አዲስ» ተመዝጋቢ ሲደመር ከ900,000 በላይ ሆነ። ደብተሩን በየወሩ ይዞ የሚሰለፈው ሰው ሰባት ዓመት ቆጥቦ ቤት እንደሚያገኝ አምኖ ነበር። ሲሚንቶና ብረት ግን በደብተሩ ልክ አልቆዩም፤ ብሩ በባንክ ተቀምጦ ሲንቀራፈፍ የቤቱ ዋጋ ሮጦ ጥሎት ሄደ። በ40/60 ደግሞ ሙሉውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ቅድሚያ ሲያገኝ፣ አርባውን ብቻ አሟልቶ ተራውን የሚጠብቀው ቆጣቢ ቅር አለው። ቅሬታው ትክክል ነበር፤ የተፈረመው ውል መቶ በመቶ አይልም።

ሕንፃዎቹም ከከተማው እየራቁ ሄዱ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። መሬት የሚገኘው ዳር ላይ ስለሆነ ነው፤ ዳሩ ግን የገበሬ ማሳ ነበር። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በ51,229 ቤቶች ላይ ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬው ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ አስነሣ። ለአንዱ የአሥራ አራት ዓመት ተስፋ የሆነው ቤት ለሌላው የአባቱ እርሻ ነበር፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25,000 በላይ ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ከወጣባቸው በኋላ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ገብቶ ስለተገኘ ዕጣው ተሰረዘ። ለጥቂት ቀን ባለቤት ሆኖ ዘመድ ጠርቶ የደገሰ ሰው፣ እንደገና ተራ ጠባቂ ሆነ። ዕጣው በኅዳር 2015 ድጋሚ ወጣ።

ከ2016 ጀምሮ መንግሥት ፊቱን ወደ ኪራዩ አዞረ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በሚወጣው ተመን ልክ እንዲሆን አዘዘ። በየስድስት ወሩ ዕቃውን ጭኖ ለሚዞር ተከራይ ይህ እፎይታ ነው። ጉዳዩ ከተጀመረበት ከ1967 በኋላ ተከራይ በሕግ መሀል የቆመበት ሁለተኛው ታላቅ ጊዜም ነው።

በነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ መንግሥት በብዛት የሠራው ለሽያጭ የሚሆን ቤት ነው። ለድኻ የሚከራይ ቤት በብዛት ያገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ ያንንም ወርሶ እንጂ ሠርቶ አይደለም። ልደታ፣ ካዛንቺስና ፒያሳ አካባቢ የቀበሌ ቤቶቹ ሲፈርሱ ከከተማው የተቀነሰው ያረጀ ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የቀን ሠራተኛ አቅም የሚደርስበት ቤትም ነበር። ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ከሚሠራው እያንዳንዱ ሳይት ላይ የተወሰነ ብሎክ ለኪራይ ብቻ ይሠራ፤ ኪራዩ በነዋሪው ገቢ ይተመን፤ የቀበሌ ቤትም ምትኩ ተሠርቶ ቁልፉ ለነዋሪው ሳይሰጥ አይፍረስ።