«ቬንት»፦ በአንድ ቃል የተጠሩ ሁለት ቀዳዳዎች

ለአንድ መሣሪያ ስም ከማውጣት በፊት የመሣሪያውን ታሪክና ተግባር መመርመር ተገቢ ነው። በአሮጌ ትናንሽ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚገኘው የነፋስ ቀዳዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቬንት» ይሉታል፤ የቃሉም ሥር ነፋስ የሚል ፍች ያለው የላቲኑ «ቬንቱስ» ነው። (መስኮትንም ቢሆን «የነፋስ ዓይን» ከሚል የጥንት ስካንዲናቪያ ቃል ወስደው ነው የሚጠሩት።)

በመጀመሪያው ዘመን አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ይበር ስለ ነበር ለአየር ቀዳዳ ማበጀት አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 የተሠራው ፓይፐር ጄ-3 ኩብ የተሸፈነ ክፍል ቢኖረውም፣ ከላይና ከታች ለሁለት የሚከፈለው በሩ በበረራ ላይ ሊከፈት ይችል ነበር። ክፍሉ በደንብ ሲዘጋ ግን አየር የሚገባበትን መንገድ ማሰብ ግድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1955 መጀመሪያ በርሮ በ1956 ለገበያ የቀረበው ሴስና 172 ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። በክንፉ የፊት ጠርዝ፣ ወደ ገላው በቀረበው በኩል የሚገባው ነፋስ በክንፉ ሥር አልፎ በፊት መስተዋቱ የላይ ማዕዘኖች፣ በግራና በቀኝ ይወጣል። መዝጊያው ክብ ቱቦ ነው፤ ሲስቡት ይከፈታል፣ ሲገፉት ይዘጋል፣ ሲያዞሩት ነፋሱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ሞተርም ኤሌክትሪክም አያሻውም፤ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ራሱ ወናፍ ሆኖለታል።

ዘመን ሲገፋ ግን በቱቦው ዙሪያ ያለው የላስቲክ ቀለበት ወይም ፌልት ይደርቃል። ያን ጊዜ የተዘጋው ቀዳዳ ያፏጫል፤ በክረምት ብርድ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ጠብታ በአብራሪው ትከሻ ላይ ያወርዳል። ብዙ ባለቤቶች ጥገናውን በእጃቸው ይሞክሩታል፦ ቱቦውን አውጥተው እድፉን ይጠርጋሉ፣ ቀለበቱን በልኩ ይለውጣሉ፣ የላላውን ያጣብቃሉ፣ በውስጡ የጭቃ ጎጆ የሠራችውንም ተርብ ያስወጣሉ። የአሜሪካ ደንብ የአብራሪነት ፈቃድ ላለው ባለቤት በዝርዝር የተወሰኑ ቀላል የጥበቃ ሥራዎችን ይፈቅዳል፤ የሥራውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና የፈቃዱን ቁጥር ግን በመዝገብ እንዲያሰፍር ያስገድደዋል። ያሰበው ጥገና ከዝርዝሩ መግባት አለመግባቱን አስቀድሞ ፈቃድ ካለው መካኒክ መጠየቅ ይበጀዋል።

በፉጨቱ ተማርረው ቀዳዳውን ጨርሶ በማጣበቂያ የሚደፍኑም አሉ። ይህን አንደግፍም። የእነዚህ አውሮፕላኖች ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ማርሚታ (ጋራዦቻችን ከጣልያንኛ የወረሱት ቃል ነው) ዙሪያ በማሳለፍ ነው። ማርሚታው ቢሰነጠቅ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ይገባል። ያን ጊዜ ማሞቂያውን ዘግቶ የንጹሕ አየር ቀዳዳን መክፈት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ አይከፈትም።

የስሙ ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ክንፍ ሥር ከነዳጅ ታንኩ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች፤ እርስዋም በእንግሊዝኛ «ቬንት» ትባላለች። ነዳጁ ሲጎድል በቦታው አየር የሚተካው በእርስዋ ነው። ብትዘጋ የነዳጁ ፍሰት ይታጐላል፣ ሞተሩም በአየር ላይ ሊጠፋ ይችላል። «ቬንቱን ድፈን» የሚል ትእዛዝ በአማርኛ መጽሐፍ ላይ እንዳለ ቢገለበጥ አንባቢው የትኛውን ይደፍናል?

ስለዚህ ሁለቱን በሁለት ስም ብንጠራ እንመርጣለን። የታንኩን «መተንፈሻ» ማለት ይስማማል፤ ታንኩ በእርስዋ አየር ይስባልና። የክፍሉን «አየር ማስገቢያ»፣ የሚሳበውን ቱቦ ደግሞ «የማስገቢያ መዝጊያ» እንላለን። «ማናፈሻ» የሚለውን አንዳንዶች ለዚህ ሲያቀርቡት ሰምተናል፤ ነገር ግን ቃሉ አየርን በራሱ ኃይል ለሚያንቀሳቅስ መሣሪያ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ነፋስን ለሚቀበል ቀዳዳ ብንሰጠው ሌላ መደናገር እንፈጥራለን።