ሁለት የንፋስ ስልኮች

«ንፋስ ስልክ!» እያለ ወያላው ሲጣራ ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ስልክ» ከዐረብኛ የወረስነው ቃል ነው፤ መነሻ ፍቺው ሽቦ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ጣቢያ ነው። ዐረቦቹም እንግሊዞቹም መሣሪያውን «ሽቦ የለሽ» አሉት፤ የእኛ ሰዎች ግን ንፋሱን ራሱን ሽቦ አደረጉት። (በፊዚክስ ከሄድን ስህተት ነው፤ የራዲዮ ሞገድ አየር በሌለበት ሕዋም ይጓዛል። ስሙ ግን ያምራል!)

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ስትወረን ድምፃችን ለዓለም የሚሰማበት የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ፣ አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ነበር። የሚገርም አይደል?

ጃፓን ውስጥ ኦትሱቺ የምትባል ከተማም «የንፋስ ስልክ» አላት። ኢታሩ ሳሳኪ የሚባሉ ሰው በ2010 እ.ኤ.አ. የቅርብ ዘመዳቸውን በሞት ሲያጡ፣ በግቢያቸው ነጭ የስልክ ቤት አቆሙ። ስልኩ ከየትም አልተገናኘም፤ ሐሳባቸው በተራ መስመር ስለማይደርስ ንፋስ ይውሰደው ብለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ሱናሚ ከተማዋን መታ። ከዚያ ወዲህ ሐዘንተኞች እየመጡ፣ ማንም እንደማይመልስ እያወቁ፣ የሟቾቻቸውን ቁጥር እያዞሩ ያወራሉ።