ፍጥነትና አስተማማኝነት በቤት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ታሪክ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ሃርድ ዲስክ ፈጣን የሆነበት መንገድና አስተማማኝ የሆነበት መንገድ በታሪክ የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አይ ቢ ኤም በ1956 ራማክ ከተባለው መሣሪያ ጋር የመጀመሪያውን ባለ ዲስክ ማከማቻ አቀረበ። ይህ ማከማቻ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው 50 ዲስኮች ላይ 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዝ ነበር፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ስለ ነበረ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባ ዕቃ አልነበረም። በ1980 ግን ኋላ ሲጌት የተባለው ኩባንያ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ትንሽ ሃርድ ዲስክ ሠራ፤ በ1983 ደግሞ የአይ ቢ ኤም ፒሲ ኤክስቲ ባለ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ሆኖ ወጣ።

ከፍጥነት ምንጮች አንዱ የዲስኩ መሽከርከር ነው። የሚፈለገው ስፍራ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ ያልፋል። የራማክ ዲስክ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞር ስለ ነበር ይህ ጥበቃ 25 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ግን ወደ 4 ሚሊ ሰከንድ ወረደ።

ሌላውን መንገድ በ1988 ያመለከቱት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ርካሽ ዲስኮች ተጣምረው እንደ አንድ ቢሠሩ ውዱን ትልቅ ዲስክ በፍጥነት ይበልጣሉ አሉ። ነገር ግን አደጋውንም በሒሳብ አሳዩ። አንድ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ቢያገለግል፣ 100 ዲስኮች ሲጣመሩ ከመካከላቸው አንዱ በአማካይ በ300 ሰዓት፣ ይኸውም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ይበላሻል። ስለዚህ ሬይድ በተባለው አሠራር መጠባበቂያ ጨመሩበት። ነገሩን በቀላል ሒሳብ ብንገልጸው፣ አንዱ ዲስክ 5፣ ሁለተኛው 3 ቢይዝ ሦስተኛው ድምሩን 8 ይይዛል፤ 3 ቢጠፋ ከ8 ላይ 5 ቀንሰን መልሰን እናገኘዋለን።

በ2000 ገደማ ይህ አሠራር ለቤት በሚሸጡ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገባ። ብዙዎች ግን ፍጥነቱን ወስደው መጠባበቂያውን ተዉት፤ ፋይሉን ለሁለት ዲስክ ከፍለው ሲያስቀምጡ አንዱ ከተበላሸ የሁለቱም ይጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት ዲስክ መያዝ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህም ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከሌላው አደጋ አያድንም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል፣ ሌባና እሳትም ሁለቱን አብረው ይወስዳሉ።

ዛሬ የሚዞር አካል የሌለው ኤስ ኤስ ዲ በፍጥነት ሃርድ ዲስክን በልጦታል፤ እርሱም ቢሆን ይበላሻል። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ፍጥነት በገንዘብ የሚገዛ፣ አስተማማኝነት ግን በልማድ የሚገኝ መሆኑን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የወላጆቹን ፎቶግራፍ በኮምፒውተር የሚያኖር ሰው አንድ ቅጂ ከቤቱ ውጭ ያስቀምጥ፤ ቅጂው የሚከፈት መሆኑንም በየጊዜው ይመርምር።