በዘር የሚወረስ የሰውነት መከላከያ ጠባይና የእግር ዝሆኔ በሽታ በምሥራቅ ጎጃም

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የረቡዕ ገበያ ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንዲህ ያሉ ሳምንታዊ ገበያዎች ከመገበያያነታቸው ባሻገር ለሕክምና ሳይንስም ያልተጠበቀ አገልግሎት ሰጥተዋል። ኦመን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1969 ባሳተሙት ጥናት በአገሪቱ በሚገኙ 56 ገበያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ እግር በመመልከት፣ ከገበያተኛው 2 ነጥብ 7 በመቶ ያህሉ በእግር ዝሆኔ የተያዘ መሆኑን መዝግበዋል። መራመድ የተሳነውና በሀፍረት ከቤቱ የማይወጣው ሕመምተኛ ገበያ ስለማይገኝ አኃዙ ከእውነታው ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። በቆላማ አካባቢዎች በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው፣ በጥገኛ ትል ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ሲሆን፣ ትልም ሆነ ሌላ ተላላፊ ተሕዋስ የለበትም። መነሻው አፈር መሆኑን በሰፊው ያጠኑት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘና በቂ ዝናብ የሚያገኝ ቀይ ሸክላማ አፈር በውስጡ የያዛቸው ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ቁጣ ይፈጥራሉ፤ ቧንቧዎቹም እየጠበቡ ሲደፈኑ እግር ከታች ወደ ላይ ያብጣል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በተደረገ የአፈር ጥናት ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ከበሽታው ስርጭት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ የአፈሩ ማብራሪያ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቆይቷል። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ማሳ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩና ሁሉም በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ሰዎች ሳሉ የሚታመመው ለምን ጥቂቱ ብቻ ሆነ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ በበሽታው የተጠቁ 59 ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ መርምረው እ.ኤ.አ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ለበሽታው ተጋላጭ በመሆን ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የሚያያዝ መሆኑንም ገምተዋል።

ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዷ የነበሩት ፕሮፌሰር ሜላኒ ኒውፖርት ወደዚህ ሥራ የመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነበር። ሐኪሟ ቀደም ሲል ያጠኑት በዘር የሚወረስን የሰውነት መከላከያ ጉድለት ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጥናት፣ አራት ማልታዊ ሕፃናት ጤናማ ሰውን በማይጎዱ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎች ክፉኛ የታመሙበትን ምክንያት አግኝተዋል። ነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስን እንዲገድሉ ትዕዛዝ የሚያስተላልፈው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ንጥረ ነገር በሕፃናቱ አካል ይመረታል፤ ትዕዛዙን የሚቀበለው የሴል አካል ግን በአንድ ዘረመል ስህተት ምክንያት አልተሠራም። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የሚገኙ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጉድለት ያለበት ሕፃን በቢሲጂ ክትባት ሳቢያ መታመሙን አስታውቀዋል። ቢሲጂ በኢትዮጵያ ለሕፃናት እንደተወለዱ የሚሰጥ ክትባት በመሆኑ ግኝቱ ለአገራችን ሐኪሞችም ይጠቅማል፤ ጉድለቱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ግን ክትባቱን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም።

እንዲህ ያለው ጉድለት የሚገለጠው ልጁ የተበላሸውን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ዘመዳሞች በሚጋቡበት ማኅበረሰብ ይህ በብዛት ይታያል። በጎጃምና በሌሎች የአማራ አካባቢዎች ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት የመቁጠሩ ልማድ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የደነገጉት አባቶች ዘረመልን ባያውቁም፣ ለጤና የሚበጅ ሥርዓት ነው።

የፖዶኮኒዮሲስ ውርስ ግን የአንድ ዘረመል መበላሸት አይደለም። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ በቀዳሚነት የመሩትና ፕሮፌሰር ኒውፖርት፣ ፕሮፌሰር ዴቪ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባልደረባ የነበሩት ዶክተር አብርሃም አሰፋ እንዲሁም በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩት ዶክተር ቻርልስ ሮቲሚና ዶክተር አዴቦዋሌ አዴየሞ የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ በ2012 በዚያው መጽሔት ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተገኙ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር አነጻጽረዋል፤ ውጤቱንም ሕመምተኛውን ከእናትና ከአባቱ ጋር በያዙ 202 ቤተሰቦች ላይ ፈትሸዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘውና ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት በሚባለው የዘረመል ክፍል ነው።

ኤችኤልኤ ወደ ሰውነት የገባን ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳይ አካል ነው። ያየውን ነገር ጠላት ብሎ የሚነሳው ደግሞ ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው። ከግኝቱ በመነሳት ተመራማሪዎቹ ፖዶኮኒዮሲስ በቲ ሴል አማካይነት የሚመጣ የመቆጣት በሽታ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። በመሆኑም የማልታዎቹ ሕፃናት መከላከያ ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ ሲቀር፣ የዝሆኔ ሕመምተኛው መከላከያ ግን በአፈር ቅንጣት ላይ ከልክ በላይ ይነሳል ማለት ነው። የሁለቱም መነሻ ከወላጅ የተወረሰ ቢሆንም ‘የመከላከያ ጉድለት’ የሚለው መጠሪያ በትክክል የሚስማማው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። የወላይታው ውጤት በሌላ ሕዝብ ላይ ይሠራ እንደሆነ የተፈተሸው ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2021 በአማራ፣ በኦሮሞና በወላይታ ተወላጆች ላይ የተደረገ ጥናት ከዚያው የዘረመል ክፍል ጋር ያለውን ግንኙነት አረጋግጧል።

ይህ እውቀት ወደ ገጠር ሲወርድ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በገጠሩ ‘የዘር በሽታ’ የሚለው ቃል ቤተሰብን በሙሉ ከጋብቻ የሚያስቀር ነው። ሽማግሌ ተልኮ ዘር ሲጠየቅ የአንድ አጎት እግር ማበጥ ጤነኛዋን ልጅ ባል ያሳጣል። ዶክተር ፋሲልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2009 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ የዘረመል ምርምሩ መገለልን ያባብሳል የሚል ስጋት በማኅበረሰቡ ዘንድ መኖሩን፣ ስጋቱም በፈቃድ አሰጣጡ ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩን ገልጸዋል። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ መጋለጥ ሲኖር የመታመም ዝንባሌው ነው። ዝንባሌውን የወረሰ ልጅ መራመድ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ በሽታውን መከላከል ይችላል። ለመከላከልም የዘረመል ምርመራ አያስፈልገውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ‘በዘር ይመጣል’ ብለው ከማለፍ ይልቅ ሁለቱን ነገሮች አብረው ቢያስረዱ ይመረጣል።

የችግሩ ስፋት በጎጃም በቁጥር ተለይቷል። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ እና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተካሄደና እ.ኤ.አ በ2012 በታተመ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 51 ሺህ 17 ሰዎች መካከል 1 ሺህ 704ቱ ማለትም 3 ነጥብ 3 በመቶዎቹ በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ በ2013 በመላ አገሪቱ በተካሄደው የካርታ ሥራ 129 ሺህ 959 ሰዎች ተመርምረው አገራዊ ስርጭቱ 4 በመቶ ሆኗል፤ ከበሽታው ጋር የሚኖሩ አዋቂዎችም ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ተገምቷል። በዚያው ዓመት ፖዶኮኒዮሲስ ትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎችን ለመቆጣጠር በወጣው ብሔራዊ ዕቅድ ከተካተቱት ስምንት በሽታዎች አንዱ ሆኗል።

አስቀድሞ የታመመውን ሰው በሚመለከት ምሥራቅ ጎጃም ራሱ ማስረጃ አቅርቧል። እ.ኤ.አ በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመውና በዞኑ የተካሄደው የሕክምና ሙከራ 696 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሏል። የመጀመሪያው ወገን እግርን በሳሙናና በፀረ ተሕዋስ ውሃ መታጠብን፣ ቆዳን ማለስለስን፣ በፋሻ መጠቅለልን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተውን እንክብካቤ ወዲያውኑ ጀመረ። ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውና ከእርሻ የሚያስቀረው አጣዳፊ የእግር መቆጣት በዚህ ወገን በአንድ ሰው በዓመት 19 ነጥብ 4 ጊዜ ሲከሰት፣ በቆየው ወገን 23 ነጥብ 9 ጊዜ ተከስቷል። ቅነሳው 19 በመቶ ያህል ቢሆንም ሕመሙ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለሱ አልቀረም፤ እንክብካቤው በሽታውን የሚያቃልል እንጂ ነቅሎ የሚያወጣ አይደለም። ሁለተኛው ወገንም 12 ወር ከጠበቀ በኋላ ተመሳሳዩን እንክብካቤ እንዲያገኝ ተደርጓል።